የሔራንን ክፍል ያየው ማነው?

«በሩን ባትከፍቺው ይሻላል» አለ ምናሴ። አይናዲስ ግን ገብታለች።

ማለቴ፣ ሔራን የሞተችው እዛ ክፍል ውስጥ እንኳን አይደለም። ሻወር ቤት ነው፣ ገንዳው ውስጥ። የሚጥል በሽታዋ ተነስቶባት ውሃ ውስጥ ቀረች። ግን ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ ያለው አፓርትመንታቸው ውስጥ ስለ ሻወር ቤቱ የሚያወራ የለም። ወሬው ሁሉ ስለ ክፍሏ ነው። ልጅቷ «ዊካ ነኝ፣ ብቻዬን ነው የማደርገው፣ ማንንም አልነካም» ትል ነበራ። ዊካ አስማት ያለበት የፈረንጅ እምነት ነው። ሶ፣ ጠንቋይ ናት ተባለ፣ አለቀ።

አይናዲስ የካውንቲው አስከሬን መርማሪ ናት። የሔራን ደም ውስጥ የሚጥል በሽታ መድኃኒቷ አልተገኘም። ዲቴክቲቩም «መድኃኒቷን ሆን ብላ አቁማ ራሷን ገድላለች» ሊል ነው። የሔራን እናት ወንድም ምናሴ ደግሞ ለቄሱ ቀድሞ ነግሯል፦ ጠንቋይ፣ ያውም ራሷን ያጠፋች፣ ፍትሐት አይገባትም። ልጅቷ ያለ ጸሎት ልትቀበር ነው።

አይናዲስ ደፉ ላይ ቆማ አየች። አልጋና ቁምሳጥን ብቻ። ገብታ በሩን ስትዘጋው ነው ከጀርባው ትንሿ መደርደሪያ የታየቻት። ነጭ ሻማ፣ ጨው በሳህን፣ የደረቀ ጤና አዳም፣ የክኒን ብልቃጥ። ብልቃጡን ኪሷ ከታ ወጣች።

መጀመሪያ የሔራንን የአክስት ልጅ ልዩን ያዘች። ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ነው የምትሠራው፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው።

«ክፍሏ ውስጥ ምን ነበር?»

«ጥቁር ሻማ። የድመት ጭንቅላት።»

«አይተሻል?»

«እኔ? ኖ ኖ። ጋሼ ምናሴ ነው የነገረኝ።»

ምናሴ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር ነው። «ደም በብርጭቆ» አላት።

«በዓይንህ አየህ?»

«ልዩ አይታለች።»

«ልዩ አንተ ነህ ያየኸው አለች።»

«ታዲያ አንዳችን አይተናል» አለ ተናዶ።

እናትየዋ ወይዘሮ አስካለማርያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«እርሶስ እትዬ?»

«እግሬን አላስገባሁም ልጄ። በሯ ዝግ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጸበል እረጭና እመለሳለሁ።»

«ምን ታደርግ ነበር ይላሉ?»

«ምን ታደርጋለች... ነጭ ሻማዋን አብርታ ጨው ያለበት ሳህን ፊት ትቀመጣለች። ጤና አዳም ታደርቃለች።»

አይናዲስ ኪችን ገባች። ፍሪጁ ውስጥ ውሃ የሞላ ጋሎን አለ። ልዩን ጠራቻት።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአክስቴ ጸበል ነው። ለሔራን ጁሷ ውስጥ ታደርግላታለች። እንዳትነግሪያት ብላኛለች።»

ፍሪጁ አናት ላይ የእናትየዋ ቫይታሚን አለ። አይናዲስ የሔራንን ብልቃጥ ከኪሷ አውጥታ ክኒኖቹን አስተያየች፣ ከዛ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሔራን መድኃኒቷን አላቆመችም» አለች። «ብልቃጡ ሊያልቅ ነው፣ እየዋጠች ነበር። ግን ትክክለኛው መድኃኒቷ ክኒኑ ላይ ቁጥር አለው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ልሙጥ ነው፣ ፍሪጁ ላይ ያለው ቫይታሚን ነው። የሆነ ሰው ቀይሮባታል። ይሄ ሰው ክፍሏ ገብቷል።»

«እዛ ክፍል ማን ደፍሮ ይገባል?» አለ ምናሴ።

«አንተማ አልገባህም። ደም አልከኝ፣ ደም የለም። ልዩም አልገባችም፣ የድመት ጭንቅላት አለችኝ። መደርደሪያው ከበሩ ጀርባ ነው፣ ከኮሪደር አይታይም።» ወደ እናትየዋ ዞረች። «እትዬ፣ እርሶ ብቻ ኖት ያለውን የነገሩኝ።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ሁለቱ አብረው አይሄዱም አሉኝ» አሉ። «ጸበል የሚጠጣ ሰው መድኃኒት አይወስድም አሉኝ። ብነግራት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። እንድትድንልኝ ነው። ትንሽ ብትታገስ ይለቃት ነበር።» ከዛ አይናዲስን ቀና ብለው አዩዋት። «የገደላት በሽታው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አይደል ልጄ?»

አይናዲስ ብልቃጡን መልሳ ኪሷ ከተተች።

«ይሄ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለ ምናሴ። «እህቴን ያስሩብኛል። ልጅቷ እንደሆነች ሞታለች፣ ምንም ብትባል አትሰማም።»

«በቁሟም ያላላችኋት የለም» አለች ልዩ።

«አንቺስ?» አላት።

የአይናዲስ ቢፐር ጮኸ። ዲቴክቲቩ ነው፣ ኮል እንድታደርግለት። አንድ ነገር ነው የሚጠይቃት፦ ራሷን ነው የገደለችው ወይስ አይደለም? ራሷን ነው ካለች ሔራን ጠንቋይ እንደተባለች፣ ያለ ፍትሐት አፈር ትገባለች። አይደለም ካለች ደግሞ እኚህ ሴትዮ ልጃቸውን የገደሉት እሳቸው መሆናቸውን እስር ቤት ቁጭ ብለው ያስቡታል።

ስልኩ ኪችን ግድግዳው ላይ ነው። እናንተ ብትሆኑ ደውላችሁ ምን ትሉታላችሁ?