እስኪገጥም አይሰጥም

በሩ የተንኳኳው መምህሩ ስለ ብርሃን ጨረር እያስተማረ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሌንስ ሲስል ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ። በሩ ላይ የቆመችው አጭር፣ ቀጭን ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ጠርዙ የተቀዳደደ ደብተር በብብቷ ይዛለች። የፖሊስ መርማሪ ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱ ሁሉ ያልፋል፣ ጠጠሩ ግን እሷ ዘንድ ይቀራል ለማለት።

«ቅዳሜ ጠዋት ዓይናማው ቤት ነበሩ?» አለችው።

«ነበርኩ። ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የእህታቸው ልጅ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከመሰላል ሥር ወድቀው አገኘቻቸው። ጭንቅላታቸውን የጠረጴዛው ጠርዝ መትቷቸዋል። ሞተዋል፣ መምህር።»

ጠመኔው ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ወዲያው ፊቱን አዩና አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ዓይናማው ካሜራ ጠጋኝ ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው፣ ሌላው በማጉያ መነጽር የሚፈልገውን ብሎን እሳቸው በባዶ ዓይናቸው ስለሚለቅሙት ነው። ያ ግን ድሮ ነው። ሰው ዓይናማው እያለ ሲጠራቸው፣ ሞራ ዓይናቸውን ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል።

ወንፊት መምህሩን ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

«ምን ሊያደርጉ ነበር የሄዱት?»

«የሚሸጡት ካሜራ ነበራቸው። ልግዛው፣ አልግዛው እያልኩ አንድ ወር ሙሉ ተመላልሻለሁ። ቅዳሜ አራተኛዬ ነው።»

«አራት ጊዜ! ለትዳር እንኳ እንዲህ አይመላለሱም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር።

«አራት ሰዓት ገባሁ፣ አራት ተኩል ወጣሁ። ካሜራውን አየሁት፤ ሁለት ፎቶ አነሳሁ፤ ‹ሰኞ እነግርዎታለሁ› ብዬ ሄድኩ።»

«ሌላ የተነጋገራችሁት የለም?»

«የለም።»

ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ አሁን ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክታለች።

ካሜራው እንደ ዋዛ የሚገዛ አልነበረም። ዲጂታል ይሁን እንጂ አሠራሩ የጥንት ነው፤ ሬንጅፋይንደር ይሉታል። የሚታየው በሌንሱ በኩል አይደለም፤ ከላይ ጥጉ ላይ ለብቻዋ የተሠራች ትንሽ መስኮት አለችው። በመስኮቷ መሃል ደብዘዝ ያለች አራት ማዕዘን አለች። እዚያች ውስጥ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ልክ ለሰካራም እንደሚታየው። ሌንሱን ቀስ አድርገው ሲያዞሩት ሁለቱ ይቀራረቡ፣ ይቀራረቡና አንዱ በአንዱ ላይ ይተኛል። ያኔ ዓይናማው «ገጠመ!» ይሉ ነበር፣ ጎል እንደገባለት ሰው።

መምህሩ ይህን ካሜራ ይመኝ የነበረው ገና የተማሪ ቤት ልጅ ሳለ፣ መጽሔት ላይ ካየው ጀምሮ ነው። አሁን ያገኘው ያገለገለ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ጥቁሩ ቀለም ተፍቆ ነሐሱ ብቅ ብሏል። ባትሪው ቶሎ ይደክማል። በዋጋው ሦስት አዳዲስ ካሜራ ይገዛል። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ እጁ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ደስ ይለዋል፤ ሲያስቀምጠው መዳፉ ባዶ ይሆንበታል። «አንተ አልገዛኸውም እንጂ፣ እሱስ አንተን ከገዛህ ወር ሆኖታል» ትለው ነበር ሚስቱ።

ቅዳሜ ዋጋ ማስቀነሻ ሰበብ ፈለገ።

«ልጄ፣» አሉት ዓይናማው፣ «እንከን ካለበት ንገረኝና እቀንሳለሁ። ከሌለበት ዋጋው ዋጋ ነው።»

እሱም ዓይኑን መስኮቷ ላይ ለጥፎ፣ ሁለቱ ምስሎች አንድ ሲሆኑ እያየ፣ «አይገጥሙም፤ ፈቀቅ ብለዋል። ያነሳሁትም ፎቶ ደብዝዟል» አለ።

ገበያ ላይ ያልዋሸ ማን አለ? ሽማግሌው ግን ካሜራውን ተቀብለው፣ ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አይ እርጅና! እኔ እኮ ገጥሞ ነው የሚታየኝ» አሉ።

መምህሩ ከመርማሪዋ የደበቀው ይህን ነው። ፈርቶ አልነበረም። አፍሮ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወንፊት ቅዳሜ ዓይናማው ቤት የታዩትን ሁሉ እዚያው ጠራቻቸው። መምህሩ በፊት ለፊቱ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ክፍሉን ወንፊት ከምትጠይቅበት መሥሪያ ክፍል የሚለየው ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ወዲያ ማዶ ሰው ሲያዛጋ ወዲህ ይሰማል።

መጀመሪያ የገባችው ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ ናት።

«ሦስት ሰዓት ላይ መዶሻ መጣ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚነግደው። በድምፁ ነው መዶሻ ያልነው፣ በጡጫው እንዳይመስልሽ። ‹ካሜራውን የፈለጉትን ልክፈልና ለኔ ይስጡኝ› ሲላቸው፣ ‹ቃል የሰጠሁት ሰው አለ› አሉት። ‹ያ ወር ሙሉ የሚያሽኮረምመው መምህር ነው?› አለ። ከዚያ በሩን ጓ አድርጎ፣ ‹እንገጣጠማለን!› ብሎ ወጣ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ነው የሰማሁት።»

«መኪናውን ለምን አቆሙት?»

«ለመስማት ነዋ! ምን ሌላ ቲያትር አለኝ?»

«ተመልሶስ መጣ?»

«አምስት ሰዓት ላይ። ደቂቃም አልቆየ።»

ከኮምፔንሳቶው ወዲህ መምህሩ «ቃል የሰጠሁት ሰው አለ» የምትለዋን ይዞ ቀረ። ሽማግሌው ሌላ ገዢ መልሰውለት ነበር፤ በዚያው ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ቀድመው።

ቀጥሎ መዶሻ ገባ።

«አምስት ሰዓት ላይ አልተመለስኩም ብለው ለፖሊሱ ቃል ሰጥተዋል» አለች ወንፊት።

«ዋሽቻለሁ፣ እህቴ። እንደኔ የሚጮህ ሰው ሬሳ ደጅ ታየ ከተባለ አለቀለት። የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው። በሩን ባንኳኳ፣ ከውስጥ ሆነው ‹ሥራ ላይ ነኝ፤ ነገ ና› አሉኝ። ነገ!»

«ያ በር ሲስቡት ራሱ ነው የሚቆለፈው» አለ አብሯት ያለው ፖሊስ። «ገብተህ፣ ገፍትረህ፣ ስበህ ብትወጣ ማን ያውቃል? ይኸው፣ ካሜራው አጠገብ በእጃቸው የጻፏት ወረቀት። ‹እስኪገጥም አይሰጥም› ትላለች። እንገጣጠማለን ያለው ማን ሆነና? ጠብ ፈልገህ እንደምትመለስ አውቀው ነው የጻፉት።»

«እኔ? ከሽማግሌ ጋር ልገጥም?» ያ ቤት የሚያነቃንቅ ድምፅ ሰለለ።

መምህሩ አግዳሚው ላይ እንዳለ «አይገጥሙም» ያለውን አስታወሰ።

በመጨረሻ የእህት ልጅ ገባች።

«የአጎትሽ የመሣሪያ ሳጥን ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ለምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ሁለት ዓመት ሆነው። ዓይናቸው እምቢ እያለ በካቻቢቴ እጃቸውን ይወጉ ነበር፤ በቃዎት ብዬ። አሳድገውኛል እኮ! እኔ ደግሞ እጃቸውን ቆርጬ የሰቀልኩባቸው ያህል ነው።» ለቅሶዋን ዋጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አጎትሽ ‹ገጠመ› የሚሉት መቼ መቼ ነበር?»

«በካሜራው ሲያዩ፣ ሁለቱ ምስል አንድ ሲሆንላቸው። ሌላ ጊዜ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም።»

የደብተር ገጽ ሲገለበጥ ተሰማ።

ፖሊሱ መዶሻን ክንዱን ይዞ ሲያወጣው፣ ሰውየው አግዳሚው አጠገብ ቆመ። «መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ። ንገራቸው እስቲ፤ እኔ አፌ ነው እንጂ ሌላ ምን አለኝ?»

መምህሩ አፉን ከፈተ። ከዚያ ከደነው። መዶሻ ያን ቀን ጣቢያ አደረ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሁሉም መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። መሰላሉ እንደቆመ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካሜራው አለ። ፊት ለፊቱ አንድ ጋዜጣ ገደድ ብሎ ቆሟል፤ መሃሉ ላይ በእርሳስ መስመር ተሰምሮበታል። መዶሻ ባልተላጨ ፊት ጥግ ላይ ቆመ፤ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ መጣች።

«ማንም አልገፈተራቸውም» ብላ ጀመረች ወንፊት። «የመደርደሪያው አቧራ በሁለቱም መዳፋቸው ላይ ነበር። ሳጥኑ ደረታቸው ሥር ነው የተገኘው። ሁለት እጃቸው ሳጥኑን አቅፎ፣ አንድ እግራቸው አየር ላይ፣ ዓይናቸው እርከኑን ሳያይ ወረዱ። የወደቁት እንዲህ ነው። እኔን ያላስተኛኝ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ያልነኩትን ሳጥን ቅዳሜ ጠዋት ምን አስፈለጋቸው?»

ጋዜጣውን በጣቷ ነካች።

«ይህ የካሜራ መፈተኛ ነው። አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሦስት ጊዜ አንስተውታል። ፎቶዎቹን አየኋቸው፤ መስመሩ እንደ ምላጭ ጠርቷል። ካሜራውን ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ አስፈተሽኩት። የፀጉር ታህል ስሕተት የለበትም አለኝ። ደህና ካሜራ ነው። እሳቸው ግን የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ለምን? በገዛ ዓይናቸው መተማመን ትተዋል። ሰው ነግሯቸው ነው፤ የዚያን ሰው ዓይን ከራሳቸው አስበልጠው አመኑ።»

«እኔ አይደለሁም!» አለ መዶሻ።

«አይደሉም። እርስዎ በፈለጉት ዋጋ ልግዛ እያሉ እንከን አያወጡለትም። የእህታቸው ልጅ ደግሞ የመጣችው ከሞቱ በኋላ ነው።» ካሜራውን አነሳች። «ከሦስቱ ፎቶዎች በፊት ሁለት አሉ። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ የተነሱ። ሁለቱም ድፍን ጥቁር ናቸው። የሌንሱ ክዳን ሳይነሳ የተነሱ ናቸው። በሌላ ካሜራ ቢሆን ጨለማውን አይተው ይነቁ ነበር። በዚህኛው ግን በመስኮቷ ሲያዩ ዓለም ብርሃን ነው፤ ክዳኑ አይታይም። ያነሳው ሰው ያነሳውን መልሶ አላየም። እንግዲህ ለዓይናማው የነገራቸውን ከፎቶው አላገኘውም ማለት ነው።»

ከደብተሯ ውስጥ ትንሿን ወረቀት አወጣች። «ይህቺን ፖሊሱ መዝገብ ላይ ለጥፏት ስለነበር ጀርባዋን ያየ የለም። ትናንት በእንፋሎት ላጥኳት።» ገለበጠቻት። በተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ «የመምህሩ» ይላል።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«መምህር፣ ምን አሏቸው?» ድምፅዋ አልጠነከረም። «መነጽር ያደርጋሉ። ምናልባት ዓይንዎ ተሳስቶ ይሆናል። ሰው ይሳሳታል።»

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተለት። «ይሆናል» ቢል አንዲት ቃል ብቻ ናት። ሕግም አይጠይቀው፣ ሰውም አይጠይቀው። የሽማግሌው «አይ እርጅና!» ግን ጆሮው ውስጥ ነበረች፤ መዶሻም ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

«አልተሳሳትኩም» አለ። «ገጥሞ እያየሁ ነው አይገጥምም ያልኳቸው። ዋጋ ለማስቀነስ። ፎቶው ደብዝዟል ያልኩትም ውሸት ነው። ትናንትም ይሄ ሰውዬ ሲታሰር እያየሁ ዝም አልኩ።»

መዶሻ ሊጮህ ደረቱን ነፋ፤ ከዚያ አየሩን ቀስ ብሎ አስወጣው። «ሞኝ!» አለ በሹክሹክታ። «ብትለምናቸው እኮ ይቀንሱልህ ነበር። አንተን ይወዱህ ነበር።»

ከሁሉም ይህ ባሰበት።

«ምን እሆናለሁ?» ብሎ ወንፊትን ጠየቃት።

«በእኔ መዝገብ አደጋ ነው፤ ዛሬ ይዘጋል። ለውሸት ዋጋ የሚቆርጥ አንቀጽ አላገኘሁም።» መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አጠፈችው። «ፈልጌ ነበር።»

የእህት ልጅ ከጠረጴዛው ላይ ካሜራውን አነሳች። ቀድሞ «እርስዎ» ትለው የነበረችው፣ አሁን፣ «እይበት» አለችው።

«እባክሽ፣ እኔ…»

«እይበት አልኩህ።»

ዓይኑን መስኮቷ ላይ አደረገ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት የመስኮት መስታወት ትወለውላለች። በመሃሏ አራት ማዕዘን ውስጥ ሴትየዋ ሁለት ናት። ሌንሱን አዞረ። ሁለቱ ሴቶች ተቀራረቡ፤ የአንዷ እጅ በሌላይቱ እጅ ላይ ተኛ፤ አንድ ሆኑ።

«እህስ?»

«ገጠመ» አለ። ቅዳሜ ማለት የነበረበት ቃል ነው። አሁን ሲወጣ ጉሮሮውን ቧጨረው።

«እንግዲያው ውሰደው።»

«አልወስድም። እንዴት ብዬ? ምን ፊት አለኝ?»

«እስኪገጥም አይሰጥም ነው ያሉት። ገጥሟል። የአጎቴን ቃል እኔ አላጥፍም።» ማንገቻውን ራሷ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት፣ እንደ ቀንበር። «በመጀመሪያ በጠሩት ዋጋ።»

መንገድ ለቀቁለት። ደጅ ሲደርስ ካሜራው ከደረቱ ጋር እየተጋጨ ይመዝናል፤ ወር ሙሉ የተመኘው ያ ክብደት ነው። መንገዱ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ወርዷል። ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ገብታ ነበር፤ ከኋላው የስፌት መኪናዋ ተነሳ፣ ጥቂት ሰፋ፣ ከዚያ ቆመ። እየሰማችው ነበር። መምህሩም በቀስታ፣ ኮቴው እንኳ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ፣ ክዳኑን ሳያነሳ ሄደ።