ያልቆመችው ላንድሮቨር

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ፣ ከአንድ ማንጎ ዛፍ ሥር አሮጌ ላንድሮቨር የምታድርበት ግቢ ነበር። ባለቤቱ ሾፌር ብዙነህ ይባላል። ከሚስቱ ከልክነሽ ጋር ሃያ አምስት ዓመት ሲኖር ሁለት ልጆች ወለደ፤ ጎረቤቱ ግን «የብዙነህ ልጆች ሦስት ናቸው» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ ላንድሮቨሯን ቆጥሮ መሆኑ ነው። እውነትም ልጁ ነበረች! በጨረታ ሲገዛት ሞተሯ ውስጥ ዶሮ ይፈለፍልባት ነበር፤ ብሎን በብሎን ፈታትቶ በገዛ እጁ ነፍስ ዘራባት። ወደ ደጋው፣ ገረሴ በሉት ካምባ፣ ሌላው መኪና ፊቱን አዙሮ በሚመለስበት ጭቃ እሷ እያጓራች ትወጣለች። ሙሽራ ጭናለች፣ ለንግሥ የሚሄዱ ቄሶች ጭናለች፣ ሬሳም ጭናለች። ወንድ ልጃቸው ጌዲዮን መሪ መጨበጥ የተማረው በእሷ ነው። ምን ያደርጋል… የሞተውም በእሷ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ የመስቀል ሰሞን፣ ቤተሰቡ በዓሉን ሊያከብር ልክነሽ የተወለደችበት ገረሴ ወጥቶ ሳለ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ጌዲዮን ሆዱን ይዞ ወደቀ። ትርፍ አንጀት ነበር። ላንድሮቨሯ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሏት። ብዙነህ ልጁን በአንደኛው ላይ አስተኛው፤ ልክነሽ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ቁልቁለቱን ተያያዙት። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ከመታጠፊያው ላይ ሰዎች ብቅ አሉ። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመዋል። ከፊት ያለው ሽማግሌ እርጥብ ሣር ከፍ አድርጎ ይዟል። በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ተይዞ የተለመነ ሰው፣ ደም የተቃባ እንኳ ቢሆን፣ ቆሞ ይሰማል። አልሰማም ብሎ ያለፈውን ጎሜ ይይዘዋል፤ ክልክል የመተላለፍ መዘዝ እሱንም ቤቱንም ይከተላል ማለት ነው። ብዙነህ እግሩን ፍሬን ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ ከኋላው የሚስቱ ድምፅ መጣ።

«አትቁም። ልጄ እየሞተብኝ ነው፤ አትቁም።»

አልቆመም። ሁለተኛው አግዳሚ ባዶውን እንደሆነ አለፉ። «ቁሙልን፣ ስለ እግዜር ቁሙልን» የሚለው ልመና እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ተከተላቸው። ከዚያስ? ጌዲዮን ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ እናቱ ጭን ላይ አረፈ! ቢቆሙ ኖሮ ያው ይሞት ነበር ማለት ነው፤ ሳይቆሙም ሞተ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይፈታዋል?

የልጁ አርባ በወጣ ሰሞን፣ ከገረሴ የወረደ አንድ ድንች ነጋዴ የሰማውን ሲያወራ ብዙነህ አጠገቡ ነበር። ያቺ በቃሬዛ የነበረችው ሴት ምኞት ትባላለች፤ ለእናቷ አንድ ናት፤ ከነጽንሷ እዚያው መታጠፊያው ላይ አርፋለች። ብዙነህ ቤቱ ገብቶ ትንፍሽ አላለም። የልጅ ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን እንዴት ይጨመራል? የሆዱን በሆዱ ይዞ፣ ስሟን እንኳ ለልክነሽ ሳያነሳ አራት ዓመት ኖረ። ድምፁ ግን አልተወውም። ላንድሮቨሯን ይዞ በወጣ ቁጥር፣ ፍሬን በረገጠ ቁጥር፣ ከኋላው «ቁሙልን» ይሉታል። በመስታወቱ ሲመለከት ባዶው አግዳሚ ነው ያለው። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው አለ፤ በኋላ ጠበል ተጠመቀ፤ በመጨረሻ መኪናዋን ማንጎው ሥር አቁሞ ቁልፉን ሰቀለው።

እሱ ሲሸሻት ልክነሽ ደግሞ ገባችባት። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ትገባና፣ ያን ለት በተቀመጠችበት ቦታ ተቀምጣ በሹክሹክታ ታወራለች። ብዙነህ በመስኮት ያያታል። ከልጇ ጋር ነው የምታወራው ብሎ ያዝንላታል። አንድ ነገር ብቻ አይገባውም ነበር፤ የምታወራው ልጁ ወደተኛበት ሳይሆን ፊት ለፊቷ ወዳለው ወደ ባዶው አግዳሚ ዞራ ነው።

ችግር ደግሞ ብቻዋን አትመጣም። ላንድሮቨሯ ስትቆም የቤቱ ገቢም ቆመ። ልጃቸው ኖላዊት በምህንድስና ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትጠብቅ ቆይታ፣ በመጨረሻ በታችኛው ከተማ በሲቀላ አንድ ዓሣ ቤት ትሪ ማመላለስ ጀመረች። በዚያ ላይ የልክነሽ እግር አበጠ፤ ትንፋሿ አጠረ። ሐኪሙ መርምሮ ልቧ ደክሟል አለ። መድኃኒቷ እንዳይቋረጥ፣ ዳገት እንዳትወጣ፣ ደጋ እንዳትሄድ አስጠነቀቀ። መድኃኒቱ ከየት ይምጣ?

ይህን ጊዜ ነው ፈቃደ የመጣው። ጫሞ ሐይቅ ዳር እንግዶች የሚያሳርፍ ሰው ነው፤ ፈረንጆች አሮጌ ላንድሮቨር ይወዳሉና በእሷ ሊያዞራቸው አሰበ። ከሴቻ ሲቀላ የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው። «ጋሼ ብዙነህ፣ ራስ በራስ እንለዋወጥ» አለው። ብታስቡት የእግዜር በር ነው። ሚኒባሱ በየቀኑ ይሠራል፤ ቤቱ ይተነፍሳል፤ ልክነሽ መድኃኒቷ አይቋረጥባትም። ልክነሽ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

«የጌዲዮን አባት፣ እኔ ስሞት ለውጣት።»

«እንዳትሞቺ ብዬ እኮ ነው ልክዬ። ሰው ብረት ይዞ ይራባል?»

«ብረት አይደለችም። ተወኝ በቃ።»

ኖላዊትም «እማዬ፣ ጌዲዮን እዚያ ውስጥ የለም» ብላ አልቅሳ ለመነቻት። አልሆነም። ብዙነህ ሦስት ሳምንት አሰበ። ላንድሮቨሯን ይወዳታል፤ ግማሽ ዕድሜው ናት። ሚስቱ ግን ዓይኑ እያየ እየቀለጠች ነው። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ያ ድምፅ ከግቢው እንዲወጣለት ፈልጎ ነበር። የማርያም ዕለት ልክነሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቆ ለፈቃደ ደወለ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች፤ አራት ወር ቆማ በአንድ ጊዜ! በገዛ እጁ ከግቢው አወጣት፤ መንገዱ ጠርዝ ላይ ፍሬን ሲይዝ ለመጨረሻ ጊዜ «ቁሙልን» አሉት። ወረደ፣ ቁልፉን ሰጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ገባ።

ልክነሽ ስትመለስ ማንጎው ሥር ነጭ ሚኒባስ ቆሟል። አልጮኸችም። ደረጃው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሰጠሃት?»

«ለወጥኳት። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ምኞትንስ የት ጣልካት?»

ብዙነህ ዞር ብሎ አያት። ይህን ስም በዚህ ቤት ማንም አንስቶት አያውቅም።

«ማን… ማን ነገረሽ?»

«የጌዲዮን ለቅሶ ላይ ከገረሴ የመጡ ሴቶች በጓዳ ሲያወሩ ሰማሁ። አንተን ይገድልሃል ብዬ ደበቅኩህ።» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ከልጄ ጋር የማወራ መሰለህ? ልጄማ ምን በደልኩት። እሷን ነው። እዚያ ተቀምጬ ነው 'አትቁም' ያልኩት፤ እዚያው ተቀምጬ ይቅር በይኝ እላታለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ፤ የበደልኩት ግን እሳቸውን አይደለም።»

ወይ አበሳ! አንድ አልጋ ላይ የሚያድሩ ባልና ሚስት አንዱን እሳት ለሁለት ደብቀው አራት ዓመት ተቃጠሉ። እሱ ለእሷ አዝኖ፣ እሷ ለእሱ አዝና! አንድ ቀን ቢያወሩት ምን ነበረበት? ብዙነህ እግሯ ሥር ተቀምጦ ድምፁንም፣ የነጋዴውንም ወሬ፣ ሁሉንም ነገራት። ከዚያ ልክነሽ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ገረሴ ወስዶ ከምኞት እናት ፊት እንዲያቆማት።

«ሐኪሙ ደጋ አይሆንም ብሏል እማዬ» አለች ኖላዊት።

«ሐኪሙ ያላወቀው ሕመም አለብኝ ልጄ።»

ብዙነህ ፈቃደ ጋ ደውሎ ላንድሮቨሯን ለአንድ ቀን እንዲያውሰው ለመነ። ሰውየው አልከፋም፤ ግን ቀለም ልትቀባ ጋራዥ ገብታ በር በሯ ተፈታትቷል። ያለው ሚኒባሱ ነው። የገረሴ ሽማግሌ የሆኑት ጋሽ ሀብተሚካኤል አስቀድመው ለምኞት እናት ለእማማ ዓለምጸሐይ ነገሩን ሊያስረዱ ሄዱ። ደግ መልስ አልመጣም፤ ክፉም አልመጣም። «ይምጡ» ብቻ አሉ።

ሚያዝያ ነበር፤ ዝናቡ በርትቷል። ሚኒባሱ ዋናውን መንገድ በደህና ወጣ። ወደ እማማ ዓለምጸሐይ ሰፈር የሚያስገባው የአፈር መንገድ ላይ ሲደርስ ግን ጎማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ መሽከርከር ጀመረ። ብዙነህ ድንጋይ አነጠፈ፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከሥሩ ደፋ፤ ኖላዊት እስከ ጉልበቷ ተነክራ ገፋች። ያቺ አሮጌ ብትሆን በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች ትወጣው ነበር! ብዙነህ ይህን አስቦ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ልክነሽ የሁለቱን ልፋት አይታ ወረደች። በእግሯ ልትወጣ ነው። አሥር እርምጃ ያህል ሄዳ ተንበረከከች፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ብዙነህ ሮጦ በጀርባው አዘላት። ስድሳ ዓመቱ ቀርቧል፤ ጭቃው እግሩን ይይዘዋል፤ እሷ አንገቱን አቅፋ ታቃስታለች። ከእንሰቱ ማሳ ጥግ ሲደርስ መሄድ አቅቶት አወረዳትና ዳገቱ ላይ ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ ከላይ አንዲት ሽማግሌ ሴት ባዶ እጃቸውን፣ ዝናቡን ሳይከለሉ ብቻቸውን ወረዱ። በደንቡ በዳይ ነው ወደ ተበዳይ ደጅ የሚሄደው፤ ተበዳይ አይወርድም። ጋሽ ሀብተሚካኤል ከኋላቸው «ኧረ እማማ፣ ሥርዓቱ…» ቢሏቸው አልሰሙም። መጥተው ከልክነሽ ጎን ጭቃው ላይ ተቀመጡ። እማማ ዓለምጸሐይ ነበሩ። ልክነሽ እግራቸውን ልትይዝ ሞከረች፤ እጇ አልታዘዝ አላት። ሁለቱም በጋሞኛ ነበር የተነጋገሩት።

«አትቁም ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ልክነሽ። «እሱ ሊቆም ነበር።»

አሮጊቷ የልክነሽን ፊት ትኩር ብለው አዩት።

«ቃሬዛውን ይዤ ስሮጥ ፊትሽን አይቻለሁ» አሉ። «አራት ዓመት ረገምኩሽ። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። መኪናዋ የእኔ ብትሆን፣ ልጄ ውስጧ ሆና ነፍሷ ልትወጣ ብትል፣ መንገድ ላይ ያንቺን ልጅ ይዘው ቢለምኑኝ… እኔም አትቁም እል ነበር።»

ይህን ብለው የልክነሽን ራስ ወደ ደረታቸው ሳቡት። ልክነሽ አለቀሰች፤ አሮጊቷም አለቀሱ። ብዙነህ ጭቃው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ኖላዊት «እናቴን ሆስፒታል እናድርሳት» ስትል ጎረምሶች ከየቤቱ ወጥተው ሚኒባሱን ገፍተው አዞሩት። እማማ ዓለምጸሐይም አብረው ገቡ። ብዙነህ ቁልቁለቱን ነዳ። ፍሬን ሲይዝ ጆሮውን ቀሰረ። ማንም አልጠራውም። የሰማው የሚስቱን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ የጫሞ ሐይቅ ከታች መታየት ሲጀምር እሱም ቆመ። መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመና ዞሮ አያት። እማማ ዓለምጸሐይ ዓይኗን እየከደኑላት ነበር።

በማግስቱ ሴቻ ድንኳን ተተከለ። ብዙነህ ከሰው ተለይቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ላንድሮቨሯን ባልለውጣት ልክነሽ ጭቃ ላይ አትወድቅም ነበር ይላል፤ ባልለውጣት ኖሮ ደግሞ ያን ስም ከአፏ እሰማው ነበር? ይላል። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት የማትታወቅ የደጋ ሴት ከዘመዶቹ መካከል ቁጭ ብለው፣ ከሁሉም በላይ ያለቅሳሉ። አንዲት ጎረቤት ጠጋ ብላ «እማማ፣ ለልክነሽ ምኗ ነዎት?» አለቻቸው።

እማማ ዓለምጸሐይ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«አራት ዓመት አብረን ያለቀስን ነን» አሉ።

እንግዲህ ዕጣ የምንለው ይህ ነው። በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት እናቶችን ፊት ለፊት ያመጣል፤ አንዲት መኪናና የአንዲት ደቂቃ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ፍረዱ ይላል። እኔ መፍረድ አልቻልኩም። እናንተ የቻላችሁ ፍረዱ።