የማይጥል በረዶ

ደጋ ሰማይ በሚባለው ተራራ ላይ በረዶው በየማለዳው አዲስ ነው። ሸማኔው ሌሊቱን ሲያነጥፈው ያድርና ጎህ ሲቀድ አሥራ አንዱም የስኪ መስመሮች ተዘርግተው ይገኛሉ። ሸማኔ የሚሉት፣ ከበረዶው ስር የተዘሩትን ሽምብራ የሚያካክሉ ሚሊዮን ማሽኖች ነው፤ ሁሉም እንደ አንድ አእምሮ ያስባሉ። በአራት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ሰው በስኪ ሲንሸራተት ማየት ብርቅ መሆኑ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፏል።

ትርሲት የመስመር መርማሪ ነበረች። ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱን መስመር ራሷ ወርዳ ደህንነቱን በፊርማዋ ታረጋግጣለች። በሁለት ቀን ውስጥ ጀማሪዎች የሚዳክሩባቸውን አረንጓዴዎቹን፣ በአስታ ዛፎች መሐል የሚጠማዘዙትን ሰማያዊዎቹን፣ ጉብታ የበዛባቸውን ቀዮቹን ጨረሰች። የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ጥቁሩ ብቻ ነበር።

ጥቁሩ ከገደል አፋፍ ተነስቶ በሁለት ቋጥኞች መሐል ቁልቁል ይወረወራል። ከአራት ዓመት በፊት፣ ተወዳዳሪ ሳለች፣ ጭኗ የተሰበረው እዚያ ነው። ከዓመት በኋላ ተመልሳ በወረደችው ዕለት ሰዉ ቆሞ አጨበጨበላት። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን የኮራችበት ቀን የለም።

አሁን ግማሹን እንደወረደች የሄልሜቷ መብራት ጠፋ። ባትሪው ብርዱን አልቻለም። በዚያችው ቅጽበት ከእግሯ ስር ያለው በረዶ መስታወት ሆነ። ለመዞር ሞከረች፤ የሚይዛት ነገር አጣች። በጎኗ ወድቃ አርባ ሜትር ያህል ተንሸራተተችና መከላከያው መረብ ላይ ቆመች።

አጥንቷን ዳበሰች፤ ደህና ነው። ከዚያ ቀና ብላ የመጣችበትን አየች። ባትሪው እስከሞተበት ድረስ ያለው የስኪዋ ዱካ ጥልቅ ነው፤ በየመዞሪያው ከጎኑ ትንሽ የበረዶ ግድግዳ ተሠርቷል፣ ትከሻውን ሰጥቶ እንደሚደግፍ ሰው። ከዚያ በታች በደረቁ በረዶ ላይ የተጫረ ቀጭን መስመር ብቻ።

ሄልሜቱ ማን የት እንዳለ ለሸማኔው ይነግራል። ሰው መስመር ላይ ሳለ ግን ሸማኔው መንቀሳቀስ የለበትም።

ባትሪ ቀይራ ቀዩ ላይ ወጣች። ሆን ብላ እንደ ጀማሪ ወደ ኋላ ተንጋለለች። መውደቅ ነበረባት፤ በረዶው ከፊቷ ተከምሮ ፍጥነቷን ቀነሰውና ቀስ አድርጎ አቃናት። ሰማያዊው ላይም እንደዚያው።

በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጇ ወደ ወይዘሮ ሐረገወይን ቢሮ ገባች። ሴትዮዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል አዳመጠቻት።

“ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልተጎዳብንም” አለች በመጨረሻ። “ይሄ ነው ስሞታሽ?”

“ማን እንዳዘዘው ማወቅ እፈልጋለሁ።”

“እኔ አላዘዝኩም። ግን አንቺን ብሆን አልነካካውም።”

አልነካካውም የሚለው ቃል ትርሲትን ተከትሏት ወጣ። የማያውቅ ሰው እንዲህ አይልም ስትል አሰበች። ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ብሏት ደነገጠች፦ የቀድሞ አሰልጣኟ ጋሽ ልዑልሰገድ በሚቀጥለው ወር ስምንት ልጆች ይዘው ወደ ውጭ አገር ለውድድር ይሄዳሉ። እዚያ ተራራው ተራራ ነው፤ ከስሩ ሸማኔ የለም። ልጆቹ ጥቁሩን እንደ ውሃ ጠጥተነዋል ብለው ያምናሉ።

ሸማኔውን በድምፅ የሚያነጋግሩበት መቆጣጠሪያ ክፍል ባዶ ነበር። በሩን ዘጋች።

“ሰዎቹን ደግፍ ብሎ ያዘዘህ ማነው?”

“ደግፍ የተባልኩት ሰዎቹን አይደለም” አለ ሸማኔው። “አንቺን ነው።”

የተቀዳውን ድምፅ አሰማት። የደከመ፣ እንባ ያነቀው የወንድ ድምፅ ነበር። “ነገ ትርሲት ጥቁሩ ላይ ትወጣለች። እንዳትጥላት። ስትወድቅ ከማይ ዓይኔ ይጥፋ። እሷ ግን እንዳታውቅ።” የዛሬ ሦስት ዓመት የመስመሮቹ ኃላፊ የነበሩት የጋሽ ልዑልሰገድ ድምፅ ነው።

ትርሲት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ፊቱ ድቅን አለባት።

“ሌሎቹንስ?” አለች።

“እንደዚያ ሲለምነኝ የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹም ግን ሳይነግሩኝ የሚለምንላቸው ሰው እንዳላቸው ገመትኩ። ተሳሳትኩ?”

ተነስታ ወጣች።

ጋሽ ልዑልሰገድን ሰው ወደ አፋፉ ከሚያወጣው የገመድ ወንበር ማረፊያ አገኘቻቸው፤ ስኪ በሰም እያሹ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው። የሷን ሲሰሙ አቀረቀሩ። የልጆቹን ሲሰሙ ግን ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ።

“ሁሉንም? ልጆቹን በሙሉ?”

“በሙሉ ጋሼ። አንዳቸውም ጥቁሩን ወርደው አያውቁም። እኔም አላውቅም።”

“እኔ ላንቺ ብቻ ነበር…” ሽማግሌው መጨረስ አቃታቸው። “ልገድላቸው ነበር እኮ፣ ትርሲት።”

“ትእዛዙን የሚሽረው ያዘዘው ድምፅ ብቻ ነው። ይነሱ፤ አፋፉ ላይ ሆነው ይሻሩት፣ እኔ እወርድበታለሁ።”

በገመዱ አብረው ወጡ። ተናዳባቸዋለች፤ ግን ነፋሱ ሲበረታ አንገታቸው ላይ የላላውን ሻርፕ አጠበቀችላቸው፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ስኪዋን አሠረች። ጋሽ ልዑልሰገድ የመገናኛውን ሬዲዮ ወደ አፋቸው አስጠጉ።

“ልዑልሰገድ ነኝ። ትእዛዜን አንስቻለሁ። ልጆቹን ልቀቃቸው። እንግዶቹንም። ከእንግዲህ ማንንም አትደግፍ።”

“ትርሲትንም ጭምር?” አለ ሸማኔው።

ሽማግሌው ቋጥኞቹን አዩ፣ ጭኗን አዩ። ትርሲት አላጣደፈቻቸውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያታለለኝ ማነው ብላ ብትፈልግ ያገኘችው ይሄንን ፊት ነው፤ ልትጠላው ሞከረች፣ አልሆነላትም።

“ጋሼ፣ ልውደቅ” አለቻቸው በቀስታ። “የራሴ ይሁን።”

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ መልሰው ገለጡት።

“ልቀቃት” አሉ።

ከእግሯ ስር በረዶው እንደሚተነፍስ ነገር ዝቅ ብሎ ደነደነ። ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ጋሽ ልዑልሰገድ ፊታቸውን ሳያዞሩ እያዩዋት፣ ትርሲት ወደ ፊት አዘነበለች።