ስክሪፕቱ ላይ የሌለ ማንኳኳት

ልጆቼ፣ ይሄ ተረት አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሐሜተኛ በሉኝ፣ እቀበላለሁ... ውሸታም ግን አይደለሁም።

እሑድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳሎኑን ሞልታዋለች።

እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ግን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

የልጅ ልጄ፣ እኔ ልጄ የምላት፣ የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲ ናት። አጻጻፏ ለብቻው ነው። በታሪኩ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ አንዳንድ ወንበር ትደረድራለች። ከአንዱ ተነሥታ ሌላው ላይ እየተቀመጠች በየሰዉ አንደበት ታወራለች፣ ከዚያ ትጽፋለች። የማያውቃት ሰው ቢያያት «ትንሽ ነካ ያደርጋታል» ይላል።

ወሬውን የማቀብላት እኔ ነኝ። የሰው ነገር ካልሰማሁ እህል አይወርድልኝም።

ድራማዋ ላይ ያለችው አከራይም ከእኔ የተገኘች ናት። ባለቁልፏን ነው የሰጠኋት፣ አምና የሞተችውን የፎቅ ጎረቤቴን። እጇ ከቁልፍ ተለይቶ አያውቅም። በር እንኳ የምታንኳኳው በቁልፏ ነበር።

ቃ... ቃ... ቃ።

ሦስቴ። ከዚያ ግቢ ሳትባል ትገባለች።

አሳሳሏን፣ አካሄዷን፣ ባሏን በአንድ ግልምጫ እንዴት እንደምታስቀምጠው... ሁሉንም ለልጄ ነግሬያታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳትም።

ለማንም አልነገርኩም።

ከዚያ እሑድ ሦስት ሳምንት በፊት ዳይሬክተሩ ደወለላት። ተመልካች ሰልችቷል፣ አከራይዋ ትሙት አለ። አሟሟቷም አንጀት የሚበላ ይሁን፣ ዛሬ ካልደረሰልኝ ሌላ ደራሲ አለኝ ብሎ ዘጋው። ሁለት ዓመት የለፋችበት ሥራ ነው እኮ።

ወንበሮቹን ደረደረች። ለአከራይዋ ቀይ ትራስ ያለውን። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ።

«እማማ፣ እዚህ ተቀምጠሽ ነበር እንዴ?»

«እኔማ እዚህ ከሽንኩርቱ ጋር እየተላቀስኩ ነው።»

«ወንበሩ... ይሞቃል።»

ፀሐይ ነው አልኳት።

ያ ጥግ ግን ፀሐይ አይደርሰውም።

ተቀመጠች። ማውራት ጀመረች። መጀመሪያ ሳለች...

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። ያ ሳል እኔ ያሳየኋት አልነበረም። የባለቁልፏ የራሷ ነው።

ጨርሳ አነበበችልኝ። አከራይዋን ደረጃ ላይ ሕመም ያጣድፋታል። የጎረቤቷን በር በቁልፏ ታንኳኳለች። ውስጥ አንዲት አሮጊት ድራማ እያየች ነው። ማንኳኳቱን ትሰማለች። «አሁን ደግሞ መጣች» ትልና... የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትጨምራለች።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«እንጃ... ወንበሩ ላይ ስቀመጥ መጣልኝ። ምነው፣ አያስኬድም?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የሰው ጉድ ስዘረዝር ምላሴ የማይደክመው ሴትዮ... የራሴን ጉድ ማውጣት አቃተኝ።

«ቆንጆ ነው» አልኳት።

ያቺ አሮጊት እኔ ነኝ፣ ልጆቼ።

አምና ባለቁልፏ ስታንኳኳ ሰምቻለሁ። ወሬዋ ድራማዬን ያበላሽብኛል ብዬ ድምፁን ጨመርኩ። ድራማው አልቆ በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። ቁልፏን እንደያዘች... ሞታለች።

ዳይሬክተሩ ድርሰቱን ወደደው። ተቀረጸ። ልጄም ሥራዋ ተረፈላት።

እና ያ እሑድ መጣ። ልናይ ተቀመጥን። ልጄ ሶፋው ላይ፣ እኔ ከአጠገቧ ቀይ ትራስ ባለው ወንበር። ሌላው ቦታ ሁሉ የታጠበ ልብስ ተከምሮበታል።

ተዋናይቷ ደረጃውን ወጣች። አንኳኳች።

ቃ... ቃ... ቃ።

ልጄ አብራ በጣቷ ቆጠረች። ሦስት። ስክሪፕቱ ላይ ያለው ሦስት ብቻ ነው።

ቃ።

አራተኛው ከቴሌቪዥኑ አልመጣም።

ከእኛ በር ነው።

ልጄን አየኋት። ዓይኗን እንኳ አላነሣችም። አልሰማችም።

አሁንስ እከፍታለሁ ብዬ ሪሞቱን ወንበሩ ላይ ትቼ ተነሣሁ።

ከፈትኩ። ማንም የለም። ደረጃውን ለማየት አንድ እርምጃ ወጣሁ...

በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ውስጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ... ጨመረ።

አንኳኳሁ። ልጄን ጠራኋት። ድምፁ ባሰበት። በቡጢዬ ደበደብኩ... አሁንም ጨመረ።

ደረቴ ታፈነ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ... እሷ የተቀመጠችበት ላይ።

የድራማው መዝጊያ ሙዚቃ ሲሰማ በሩ ተከፈተ። ልጄ ናት። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማማ...» አለች በሹክሹክታ። «መቼ ወጣሽ?»

«በሩ ሲንኳኳ ነዋ። ምነው ድምፁን ጨመርሽብኝ?»

«እኔ አልጨመርኩም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አንቺ ነሻ... ከአጠገቤ ቁጭ ብለሽ። ‹አሁን ደግሞ መጣች› ብለሽ...»



ሁለታችንም ቀስ ብለን ወደ ሳሎኑ ዞርን።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

ቀይ ትራሱ ግን መሐሉ ጎድጉዷል።

እያየነው... ቀስ... ቀስ እያለ... ሞላ። ሰው ሲነሣለት እንደሚሞላው።