አይጨስም

«ትንኝ፣ አትቁሚ! ውሃውን ምቺው!» ታላቅ ወንድሟ ከዳር ሆኖ ይጮሃል።

ትንኝ የትምህርት ቤት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ጓሯቸው ካለው የዓሣ ኩሬ መሃል ቆማ ውሃውን በጎድጓዳ ሳህን ትደበድባለች። ትንኝ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ አንዴ ከያዘች አትለቅም ብሎ። ዛሬ ግን የሚያሾፍበት አቅም የለውም፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው አየር ይለምናሉ። ግማሾቹ ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

አየር የሚነፋው ሞተር ሌሊቱን ቆሞ ነው ያደረው። ወንድሟ ማታ ቴሌቪዥኑን ለመሰካት ነቅሎት፣ ኳሱ ሲያልቅ ረስቶት ተኛ።

ሞተሩ እንደገና መንደቅደቅ ሲጀምር የተረፉት ቀስ እያሉ ወደ ታች ወረዱ። የሞቱትን በመረብ እያወጡ ሸራ ላይ ከመሯቸው። የአንዳንዱ ሆድ ተነፍቷል፤ የሚተነፍሱበት ስንጥብም ቅላቱን ለቆ ግራጫ ሆኗል።

«ስሚ፣» አለ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መብራት ጠፍቶ ነው እንላለን። እነዚህን ደግሞ ጨው ነስንሰን ማጨሻው በርሜል ውስጥ እንከታቸዋለን። ጭስ ከመታቸው በኋላ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ!»

እናታቸው ለማጨሻ የሚሆን ሰጋቱራ በጆንያ ተሸክማ የገባችው ይሄኔ ነው።

«መብራት ጠፍቶ ነው እማዬ!» ወንድሟ ተቻኮለ።

«አልጠፋም፣» አለች ትንኝ። «ሞተሩን ነቅሎ ረስቶት ነው።»

እናታቸው ጆንያውን አወረደች። ተንበርክካ አንዱን ዓሣ አነሳች፤ ስንጥቡን ገልጣ አየች፤ አሸተተችው። ኩሬውን የቆፈረችው እሷ ናት። ማጨሻውንም ከአሮጌ በርሜል አስበይዳ ያሠራችው እሷው። ነገ ጠዋት ደግሞ ለአደባባዩ ምግብ ቤት የመጀመሪያ ትልቅ ትእዛዟን ታስረክባለች። ዓሣውን መልሳ ክምሩ ላይ ጣለችና ማንንም ሳታይ፣

«ጨው አምጪ፣» አለች።

ትንኝ ጆሮዋን አላመነችም። ከወንድሟ ቢሆን አይገርማትም። እናቷ ግን «ዓሣን ከተጠራጠርሽው ጣይው» እያለች ያስተማረቻት ናት።

«አላመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አላመጣም እማዬ። ሰው እኮ ነው የሚበላው!»

«ነገ ግማሹን ብቻ ይዤ ብሄድ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሌላ ሰው ትይዛለች! ከዚያ ይሄን ኩሬ ምን ላደርገው ነው፣ ልዋኝበት?»

ትንኝ ከመክተፊያው ጠረጴዛ ሥር የበረኪናውን ጀሪካን አነሳችና፣ ማንም ሳይደርስባት ክምሩ ላይ አንደቀደቀችው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

«አብዳለች!» ወንድሟ ጮኸ።

እናቷ እጇን ሰነዘረች። ትንኝ ወደ ኋላ አላለችም።

«ምቺኝ። ግን አሁን አይጨስም።»

የእናቷ እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። ትንኝ የቀሚሷን ጫፍ ጨምቃ ጫማዋን አጠለቀች።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ምግብ ቤቱ ሄጄ ልነግራት።»

አደባባዩ ጋ ስትደርስ የምግብ ቤቱ ባለቤት ወንበሮች ከጠረጴዛ ላይ እያወረደች ነበር።

«እትዬ፣ ነገ የሚደርስልዎ ግማሹ ነው። ግማሹ ሞቶብናል። ጥፋቱም የእኛው ነው።»

ሴትየዋ ወገቧን ያዘች። «እንግዶቼን ታዲያ ምን ላብላቸው፣ ይቅርታችሁን?»

ትንኝ ዓይኗን አልሰበረችም። «የሞተውን አጭሰን ብንሰጥዎ አያውቁብንም ነበር። አልሰጠንም።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ርጥብ ቀሚሷን፣ የተጣበቀባትን የዓሣ ቅርፊት።

«ያለውን ይዛችሁ ኑ። የጎደለውን ከሌላ እገዛለሁ። ስለሚቀጥለው ግን ቃል አልገባልሽም።»

ትንኝ ስትመለስ ክምሩ የለም፤ ጓሮው ጥግ አፈሩ አዲስ ተገልብጧል። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ኩሬው ዳር ተቀምጧል። እናቷ ከተረፉት ያወጣቻቸውን ዓሦች ትቀርፋለች።

«ምን አለች?»

«ያለውን አምጡ አለች። ከዚያ ወዲያ አላውቅም አለች።»

እናቷ ሥራዋን ሳታቋርጥ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀና ብላ የትንኝን ጣቶች አየች።

«በረኪናው አቃጠለሽ?»

«ትንሽ።»

«በደንብ ታጠቢውና ነይ።»

ትንኝ ይቅርታ አልጠየቀችም። እናቷም ጠይቂኝ አላለቻትም። እጇን ታጥባ መጣችና፣ ሌላ ቢላዋ አንስታ ከእናቷ ጎን ቆመች።