የሀቢብ ስም የገባበት ዓረፍተ ነገር

ብዙ ማውራት አልወድም። ይህ ግን በእኔና በወንድሜ ላይ የደረሰ እውነት ነው።

1986፣ ኦክቶበር፣ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ፣ ኡ ቲን ቤት።

"'ሰዎች ሀቢብን ሊመቱት ነው' የሚለውን ይተርጉሙልኝ" አልኳቸው።

ኡ ቲን ደነገጡ። "ሀቢብ ወንድምሽ አይደለም? ምን አደረገሽ?"

"ኧረ ምንም! ለምሳሌ ነው።"

"ታዲያ ለምን ታስመቺዋለሽ?"

ኡ ቲን ከበርማ ተራሮች የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ቋንቋቸው ከቲቤትና ከበርማ ቋንቋዎች ወገን ነው። እኔ ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በዚያ ቋንቋ ድርጊት ሊጀመር ሲል፣ እየተደረገ ሳለና ሲያልቅ ግሡ እንዴት እንደሚለወጥ ነው። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ወደ ቋንቋቸው ይመልሱታል።

"በሕይወት ያለ ሰው ስም እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገባም" አሉኝ።

ጽሑፉን የማስረክበው ሰኞ ነበር።

"እባክዎ..."

"ሊመቱት ነው" የሚለውን አሉ። ቀጥሎ "እየመቱት ነው" የሚለውን።

ሦስተኛውን፣ ያለቀውን፣ ሳይሉ እንግዳ መጣባቸው። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሀቢብ ሶፋው ላይ ነበር።

"ሶ... ፕሮፌሰር ሙጂባ መጣች!" አለ እየሳቀ።

ሳቁን አልጨረሰም። ጭንቅላቱ ወደ ግራ ተወረወረ።

የጥፊ ድምፅ ሰማሁ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም...

"ማነው?" አለ በሹክሹክታ።

ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ከዚያ ሆዱ... ጎኑ... ጥርሱ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

ላዩ ላይ ተኛሁበት። ምቱ እኔን አልፎ እሱን አገኘው። የጎድን አጥንቱ ከሥሬ ሲሰበር ተሰማኝ።

"ሙጂ... አስቁሚያቸው..."

ስልኩን ጎትቼ ኡ ቲን ጋ ደወልኩ።

"ሀቢብን እየመቱት ነው! ሦስተኛውን ይበሉልኝ!"



"ሲያልቅ በሕይወት ይኑር አይኑር... እኔ አላውቅም" አሉ ቀስ ብለው።

ሀቢብ ደም ተፋ። ግራ ዓይኑ ሲፈስ አየሁት።

"ይበሉት!"

አሉት።

ምቱ ቆመ።

ጆሮዬን አፉ ላይ አደረግኩ። ይተነፍሳል...

በራችን በራሱ ተከፈተ። ብዙ ባዶ እግር ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ። አይሮጡም።

ሀቢብ ተረፈ። ግራ ዓይኑ ግን ጠፋ።

አምቡላንስ ጠርቼ ሀቢብን ሲያወጡት ተከትዬ ወጣሁ። የባዶ እግር የደም ዱካ ከደጃችን ተነስቶ በፌርፋክስ ወደ ፒኮ ጎዳና ይሄዳል። የትራፊክ መብራቱ ጋ ሲደርስ የእግሮቹ ዱካ ሁሉ ጎን ለጎን ቆሟል። ደሙ እዚያ ተጠራቅሟል።

መብራቱን ጠብቀው ተሻግረዋል።