ጋሽ እንድሪስን ያላስገኘ ፎቶ

ዕፀገነት መቱ ላይ ፎቶ ቤት ስትከፍት ማንሳቱን ታውቅበት ነበር፤ በኮምፒውተር ማስተካከሉን ግን ገና ጀማሪ ነበረች። የትኛውን ፕሮግራም ብትጭን እንደሚሻላት በሙያው የቆዩትን ጋሽ ጥበቡን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ብርሃንና ቀለም በእጅ የሚስተካከልበትን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋናውን ፎቶ ሳይነካ የሚያስቀምጠውን እንድትመርጥ መከሯት። የእሷ ልብ ግን ሌላው ላይ ነበር። ያኛው አንድ ጊዜ ሲነኩት ፊት ያቀላል፣ መጨማደድ ያጠፋል፤ ያሳመረውንም በዋናው ላይ ደርቦ ያስቀምጠዋል።

«ደንበኛ የሚፈልገው ማማርና ቶሎ መድረስ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው።

«የሰው መልክ የአንቺ አይደለም። መመለሻውን አትዝጊው» ቢሏትም አልሰማቻቸውም።

ሥራዋ ደራ። የጎረቤት ከተማዋ የሁሩሙ ልጅ ሳሊሐ በሠርጓ ሰሞን አባቷን ጋሽ እንድሪስን ይዛ መጥታ ፎቶ አስነሳቻቸው። ዕፀገነት ፕሮግራሙን ስትነካው የግንባራቸው ጠባሳ፣ የጉንጫቸው መሸብሸብ፣ ሽበታቸው ሳይቀር ጠፋ። ሳሊሐ አባቴን ጎረምሳ አደረግሽልኝ ብላ እየሳቀች ሄደች።

በዓመቱ ክረምት ሲገባ፣ የመርሳት ሕመም የጀመራቸው ጋሽ እንድሪስ ከቤት ወጥተው ቀሩ። መታወቂያቸው አብሯቸው በኪሳቸው ስለሄደ ሳሊሐ ያላት ፎቶ ያ ብቻ ነበር። አባዝታ በየሚኒባሱና በየገበያው ለጠፈችው። ዕፀገነትም ዋናውን ፍለጋ ኮምፒውተሯን በረበረች፤ አልነበረም።

በኋላ አስከሬናቸው ወደ ኖፓ ወረዳ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ጫካ ውስጥ ተገኘ፤ የታወቁትም በመታወቂያው ነው። ቀብሩ ላይ ኦሊ የሚባል የኖፓ ገበሬ፣ ሽማግሌው ደጁ አርፈው ውሃ ሰጥቷቸው እንደነበር ተናገረ። ፎቶውንም ከዚያ በፊት ገበያ ላይ ተለጥፎ አይቶት ነበር።

«ፎቶው ላይ ያለው ቀይ፣ ፊቱ የጠራ ሰው ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ጋ የመጡት ግንባራቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው። ባውቅ ኖሮ መቼ እሸኛቸው ነበር?»

ሳሊሐ ዕፀገነትን አልሰደበቻትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን ፊቷን አዙራ ታልፋለች።

ዕፀገነት ያን ፕሮግራም አጥፍታ ጋሽ ጥበቡ ያሏትን ጫነች። ቀይ አድርጊኝ የሚሉ ደንበኞች ተቀይመው ወደ ሌላ ፎቶ ቤት ቢሄዱም ወደ ድሮው አልተመለሰችም። ሙያውን ለሚጀምሩ ሁሉ የምትመክረው አንድ ነገር ነው፤ ከማሳመሩ በፊት ዋናውን የሚጠብቅላችሁን ምረጡ ትላለች።

የምናነሳም የምንነሳም ይህን ልብ እንበል። የተዋበ ፎቶ ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ሰው የጠፋ ዕለት ግን የምንፈልገው ያንኑ የምናውቀውን ፊት ነው። ዕፀገነት ይህን የተማረችው በሰው ሞት ነው።